የሰላም ሥራ ከማሳ ድንበር ይጀምር

ስለ ሰላም ሲነሳ አብዛኞቻችን ወደ ላይ እንመለከታለን። ድርድሩ የት ደረሰ፣ ማን ከማን ጋር ተቀመጠ፣ ምን ተፈራረሙ እያልን እንጠያየቃለን። መጠየቁ ተገቢ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት የቆመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ነው። አገራዊ ልዩነቶችን በንግግር ለመፍታትም በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቁሟል። እንዲህ ያሉ ጉዳዮች በወረዳና በቀበሌ አቅም የሚወሰኑ አይደሉም።

ይሁን እንጂ አገርን የሚከፋፍለው ትልቁ ነገር ገጠር የሚገባው ብቻውን አይደለም። ቀድሞ የተከፈተ በር ሲያገኝ ነው የሚገባው። በሩን የሚከፍቱት ደግሞ በየዓመቱ የምናውቃቸው ነገሮች ናቸው፤ የተገፋ የማሳ ድንበር፣ ተራው የተዘለለ የመስኖ ውሃ፣ አዝመራ ላይ የተለቀቀ ከብት፣ ስም የተዘለለበት የማዳበሪያ ዝርዝር፣ ባለቤቱ ተፈናቅሎ ሳለ ሌላ ሰው ያረሰው መሬት። እነዚህ ሁሉ የግብርና ጉዳዮች ናቸው። በመሆኑም ግጭትን አስቀድሞ የመከላከል ሥራ ለፀጥታ መዋቅር ብቻ የሚተው ሳይሆን በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ በግልጽ ሊሰፍር የሚገባው ሥራ ነው የሚል እምነት አለኝ።

«ሰላም የፀጥታ ሥራ ነው፣ እኛ ምርትና ምርታማነት ላይ እናተኩር» የሚሉ የግብርና አመራሮችና ባለሙያዎች እንዳሉ ይታወቃል። ሐሳቡ ከቀና መንፈስ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የፀጥታ ኃይል በአብዛኛው የሚደርሰው ጠብ ከተነሳ በኋላ ነው። ሁለት አዋሳኝ አርሶ አደሮች መኮራረፋቸውን፣ አንዱ የሌላውን የወሰን ድንጋይ ማንሳቱን፣ ከላይ ያለው ቦዩን ወደ ታችኛው ማሳ ማዞሩን ቀድሞ የሚያየው በየማሳው የሚመላለሰው የግብርና ባለሙያ ነው። ቀድሞ ያየ ሰው ደግሞ ቀድሞ የመናገር ኃላፊነት አለበት።

ጥቂት ስንዝር ለምን ደም ያፋስሳል?

ከከተማ ለሚያይ ሰው አንድ ትልም ምንም አይደለም። ለአርሶ አደሩ ግን እንዲህ አይደለም። በክልላችን ደጋና ወይናደጋ አካባቢ የብዙው አባወራና እማወራ ይዞታ ከአንድ ሄክታር ያነሰ፣ እሱም በተለያየ ቦታ የተበታተነ ነው። ርዝመቱ አንድ መቶ ሜትር በሆነ ድንበር ላይ ጎረቤት በየዓመቱ ግማሽ ሜትር ቢገፋ በዓመት ሃምሳ ካሬ ሜትር ይወስዳል። በአስር ዓመት አምስት መቶ ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ብንል የአንድ ጥማድ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። በሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ በሚገኝበት መሬት ላይ ይህ በየዓመቱ አንድ ኩንታል ተኩል ማለት ነው። ሁለት ጥማድ ብቻ ላላት እማወራ ይህ የልጆቿ የክረምት ቀለብ ነው።

ከእህሉ በላይ ደግሞ ክብር አለ። ድንበሩ የተገፋበት ሰው ዝም ካለ «ደፈሩት» ይባላል። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ብሎ ያደገ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ቃል ከባድ ነው። አቤት ብሎ ሰሚ ካጣ፣ ወረዳ ተመላልሶ ቀጠሮ ብቻ ከተሰጠው፣ ወደ ጦር መሣሪያው ያያል። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ነገሩ የድንበር መሆኑ ያበቃና የደም ይሆናል። የሟች ወገን ደም መላሽ ይፈልጋል፣ የገዳይ ወገን ቀዬውን ለቅቆ ይሰደዳል፣ የሁለቱም ወገን ማሳ ጦም ያድራል።

ሁለቱ ጠበኞች የአንድ ቀበሌና የአንድ ቤተ ዘመድ ሰዎች ከሆኑ ነገሩ በሽማግሌ የመቋጨት ዕድሉ ሰፊ ነው። በሃይማኖት፣ በብሔር ወይም በአስተዳደር ወሰን የሚለያዩ ከሆነ ግን አደጋው ይጨምራል። የሁለት ሰዎች የወሰን ድንጋይ ጠብ በአንድ ሌሊት «የእነሱ» እና «የእኛ» ይሆናል። ከሩቅ ሆኖ እሳቱን ማራገብ የሚፈልግ ሰውም ያን ጊዜ ያዳምጣል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ ሥሩ ላይ ሳለ ያልተያዘ ነገር ቅርንጫፉን አንድ በአንድ እየመለመሉ ማቆም አይቻልም።

ግጭትም ወቅት አለው

አርሶ አደሩ መቼ እንደሚያርስ፣ መቼ እንደሚያርምና መቼ እንደሚያጭድ በወቅት ይመራል። የገጠር ግጭትም በአብዛኛው ወቅት አለው። ይህን ልብ ብሎ ማየት ለወረዳ አመራር ትልቅ ጥቅም ይሰጣል፤ ምክንያቱም መቼ እንደሚመጣ የሚታወቅ ነገር መዘጋጃ ጊዜ ይሰጣልና።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የእርሻ ወቅት ነው። የድንበር መግፋት ክርክር፣ የእኩልና የመጋዞ ውል ይፍረስ አይፍረስ ጭቅጭቅ፣ እንዲሁም የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥርጭት ቅሬታ የሚበረታው በዚህ ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ይመጣል። ከላይ ያለው አርሶ አደር ማሳው ውሃ እንዳይተኛበት ፈሰስ ሲያወጣ ውሃው የታችኛውን ማሳ ጠርጎ ይሄዳል። ማፋሰሻው የት መውጣት እንዳለበት ጎረቤታሞች ካልተስማሙ የአንዱ መዳን የሌላው ጥፋት ይሆናል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው። የእኩል አራሹና የመሬቱ ባለቤት ምርት የሚካፈሉት፣ ያልተሰበሰበ አዝመራ ላይ ከብት የሚገባው፣ ቂም የያዘ ሰውም የጎረቤቱን ክምር በእሳት የሚበቀለው በዚህ ጊዜ ነው። በምሥራቁ የክልላችን ተዳፋት ደግሞ ሣርና ውሃ ሲመናመን የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ደጋው ጠርዝ ይጠጋሉ። አዝመራው ከተነሳ በኋላ ቢመጡ ቃርሚያውን ከብቱ ይበላል፣ ፍጉም ማሳውን ያለማል፤ ለሁለቱም ወገን በረከት ነው። አዝመራው ሳይነሳ ቢመጡ ግን ጠብ ነው። ልዩነቱ የሁለትና የሦስት ሳምንት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀን የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎችና የሁለቱ ወረዳ ባለሙያዎች ቀድመው ቢነጋገሩበት ስንት ነፍስ ይተርፋል!

ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ የበጋ መስኖ ውሃ የሚያንስበት ጊዜ ነው። ተራ የተዘለለበት፣ ሌሊት ውሃ የተሰረቀበት አርሶ አደር በዶማ የሚጋጨው ያን ጊዜ ነው። ጥር የሠርግ ወርም ነው። መጠጥና የደስታ ተኩስ በሚበዛበት ቦታ ያደረ ቂም ይቀሰቀሳል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቀበሌ የሰብል ዕቅዱን ሲያወጣ አጠገቡ የግጭት መቁጠሪያ ቢያወጣ መልካም ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ጎጥ፣ በምን ምክንያት፣ እነማን ሊጋጩ እንደሚችሉ፣ ማን መቼ ሄዶ እንደሚያነጋግራቸው ይጻፍበት። ካለፉት ሦስትና አራት ዓመታት የቀበሌው የአቤቱታ መዝገብ ተነስቶ ይህን ማዘጋጀት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ወረዳና ቀበሌ ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ የድንበር አቤቱታ ከእርሻ በፊት ይቋጭ። የመጀመሪያው ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የማሳው ወሰን የታወቀው በአብዛኛው በአዋሳኞቹ ስም ነበር። ካርታ አልነበረውም። ሁለተኛው ደረጃ ማሳውን በካርታ አስደግፎ ያሳያል። ይህ ሥራ የተጠናቀቀባቸው ቀበሌዎች የክርክር ማስረጃ አላቸው፤ ያልተጠናቀቀባቸው ደግሞ በአዋሳኞች ምስክርነት ላይ ይመረኮዛሉ። ምስክሮቹ በዕድሜ የገፉ ስለሚሆኑ በሕይወት ሳሉ ወሰኑን እንዲያሳዩ፣ ድንጋይ እንዲተከል፣ ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ማድረግ ይገባል። በኩታ ገጠም እርሻ በትራክተር በሚታረስ ቦታም ድንበሩ ከመታረሱ በፊት ልኬቱ ተመዝግቦ ይቀመጥ። ዘንድሮ አብረው ያረሱ ጎረቤታሞች በከርሞው እንዳይጣሉ የሚያደርገው ይህ ነው።

የገጠር መሬት ሕጎቻችን ክርክር ሲነሳ ባለጉዳዮቹ በቅድሚያ በስምምነትና በሽምግልና እንዲጨርሱ ያበረታታሉ፤ ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ይህን መንገድ ይዟል። የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴዎች በሽምግልና ያለቀውን ጉዳይ ሁሉ ሳይጽፉ ማለፍ የለባቸውም። በቃል ብቻ ያለቀ ስምምነት አንዱ ሽማግሌ ሲያርፍ አብሮ ይቀበራል። የተጻፈና ሁለቱም ወገን የፈረሙበት ወረቀት ግን ለልጅም ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ የተፈናቀለ ሰው መሬት ይጠበቅለት። በግጭት ምክንያት ቀዬውን ለቅቆ የሄደ አርሶ አደር መሬቱን ጥሎ የጠፋ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። መሬቱ ጦም እንዳያድር ሌላ ሰው እንዲያርሰው ከተደረገ የቀበሌው አስተዳደር «በጊዜያዊነት፣ ለዚህ የምርት ዘመን፣ ባለይዞታው ሲመለስ የሚለቀቅ» ብሎ በጽሑፍ ይያዝ፤ የባለይዞታው ድርሻም ይታወቅ። ይህ ካልተደረገ ያረሰው ሰው በሁለተኛው ዓመት የእኔ ነው ይላል፣ ተመላሹም ሌላ ዙር ጠብ ይዞ ይገባል። በአገራችን ብዙ ሰው ከቀዬው በተፈናቀለባቸው በእነዚህ ዓመታት ይህ ጉዳይ ነገ የሚፈነዳ ፈንጂ እንዳይሆን ከወዲሁ መታሰብ አለበት።

ሦስተኛ፣ የግብዓት ሥርጭቱ በአደባባይ ይሁን። ማዳበሪያ ባነሰበት ዓመት ቅሬታውን የሚያባብሰው ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ለማን እንደተሰጠ አለመታወቁ ነው። ስም ዝርዝሩና መጠኑ በቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በር ላይ ይለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችሉም በሰንበትና በጁምዓ ከጸሎትና ከስግደት በኋላ ይነበብላቸው። ሁለት ሃይማኖት ወይም ሁለት ብሔረሰብ በሚኖርበት ቀበሌ የሥርጭት ኮሚቴው ከሁለቱም ወገን ይውጣጣ። አድልዎ ባይኖርም አድልዎ ያለ የሚመስል አሠራር የአድልዎን ያህል ይጎዳል።

አራተኛ፣ ውሃና ግጦሽ ደንብ ይኑራቸው። በየመስኖው የውሃ አባት የሚባሉ፣ ተራ የሚያስጠብቁ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። ዘመናዊ ቦይ ሲሠራ እነዚህን ሰዎች ወደ ጎን ትቶ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም ብዙ ጊዜ ሁለት ባለሥልጣን ይፈጥራል። የሚሻለው የውሃ አባቱን በተጠቃሚዎች ማኅበር ውስጥ ማስገባት፣ ተራውንና ቅጣቱን በውስጠ ደንብ መጻፍ ነው። ልቅ ግጦሽ ሲከለከልና ተፋሰስ ሲከለልም እንዲሁ ነው። ከብት የሚያውለው ልጅ የት ይሂድ? ከተከለለው ቦታ የሚታጨደው ሣር ለማን ይከፋፈል? መሬት የሌለው ወጣት ምን ያገኛል? እነዚህ ሳይመለሱ የሚወጣ ክልከላ አፈሩን ሊያድን ይችላል፤ ጉርብትናውን ግን ይሸረሽረዋል።

አምስተኛ፣ ወሬ ይጣራ። አፋሮች መንገድ ላይ የተገናኙ ሁሉ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት «ዳጉ» የሚባል ሥርዓት አላቸው። በዳጉ ወሬ ያቀበለ ሰው ለወሬው ኃላፊ ነው፤ ውሸት ያወራ ይነወራል። እኛ ዛሬ በእጅ ስልክ በደቂቃ የምንቀባበለው ወሬ ግን ባለቤት የለውም። «ከብት ተነዳ፣ ሰው ተገደለ» የሚል ወሬ ሲሰማ የሁለቱ አጎራባች ቀበሌ አስተዳዳሪዎች፣ አንድ የሃይማኖት አባትና አንድ ሽማግሌ ወዲያው ተደዋውለው የሚያጣሩበት መስመር አስቀድሞ ሊዘረጋ ይገባል። የማን ስልክ ቁጥር ማን ጋ እንዳለ የሚፈለገው ወሬው ከመጣ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል።

ከጎረቤት አገር የሚገኝ ትምህርት

ይህ ሁሉ የሕልም እንጀራ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ ወደ ዋጂር ይመልከት። ዋጂር የአርብቶ አደር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ከብቱን ጨርሶ፣ ከሶማሊያ መፍረስ በኋላ የጦር መሣሪያ እንደ ልብ ሲገኝ፣ በአካባቢው ጎሳዎች መካከል ከባድ ግጭት ነበር። የመንግሥት የፀጥታ ኃይል ብቻውን ሊያቆመው አልቻለም።

ሥራውን የጀመሩት ሴቶች ናቸው፤ የጀመሩትም ከገበያ ነው። በግጭቱ ምክንያት የአንዱ ጎሳ ሴት ከሌላው ጎሳ ሴት አትሸጥም፣ አትገዛም ነበር። ዴካ ኢብራሂምና ጓደኞቿ ተሰባስበው ማንኛዋም ሴት ከየትኛውም ጎሳ ብትሆን በገበያው በሰላም እንድትገበያይ ተስማሙ፤ ይህን የሚከታተሉም መደቡ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎች ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1993 የጎሳ ሽማግሌዎች የአል ፋታህ መግለጫ የሚባለውን የሰላም ስምምነት አጸደቁ። ሽማግሌ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሴትና የፀጥታ ሰው ያሉበት ፈጣን ቡድንም ተቋቋመ። የከብት ዝርፊያ ወይም ግድያ ሲሰማ ቡድኑ በቀል ከመከተሉ በፊት ቦታው ላይ ይደርስ ነበር።

ለወረዳ አመራሮቻችን ዋናው ትምህርት የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የሰላም ኮሚቴው ከአውራጃው የልማት ኮሚቴ ጋር ተያያዘ፤ የሰላም ጉዳይ ከውሃ ጉድጓድ፣ ከእንስሳት ሕክምናና ከትምህርት ቤት ጋር በአንድ ጠረጴዛ መታየት ጀመረ። ልምዱ ተስፋፍቶ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ኬንያ በደረሰባት ደም መፋሰስ ሳቢያ የአካባቢ የሰላም ኮሚቴዎች በመላ አገሪቱ እንዲቋቋሙ መሠረት ሆነ። ዴካ ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ2007 ትክክለኛ ኑሮ በሚል ስያሜ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሽልማት የተሸለመችው በዚህ ሥራዋ ነው።

የዋጂር ሰላም ግን አንድ ጊዜ ተገኝቶ ለዘላለም የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በዋጂርና በማንዴራ አዋሳኝ እንደገና ደም ፈሷል። የአካባቢ ሰላም ኮሚቴ የፖለቲካ ሥልጣንንና የወሰን ጥያቄን ብቻውን ሊፈታ አይችልም። ትልቁ የፖለቲካ ጥያቄ በትልቁ ጠረጴዛ ካልተፈታ የታችኛው ሥራ ይፈተናል። ሆኖም የታችኛው ሥራ በሌለበት ቦታ የላይኛው ስምምነት መሬት አይነካም።

ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የባቲን የሰኞ ገበያና የሰንበቴን የእሑድ ገበያ የሚያውቅ ሰው አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው በአንድ ሜዳ ሲገበያዩ አይቷል። እህል ይወርዳል፣ ከብትና ጨው ይወጣል። ነጋዴው ከሁለትና ከሦስት ቋንቋ እየቀላቀለ ይነጋገራል። በ2013 ዓ.ም አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ የተጎዳው በቤቱ ላይ እሳት የወደቀበት ሰው ብቻ አልነበረም፤ ወደ እነዚህ ገበያዎች የሚወስደው መንገድ ሲያስፈራ ሽንኩርቱን የሚሸጥበት ያጣው፣ በሬ የሚገዛበት ያጣው አርሶ አደርም ተጎድቷል። ስለዚህ የሰላም ሥራ ሲታሰብ ገበያው፣ ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድና በገበያው የሚቆሙት ሴቶች ቀዳሚውን ቦታ ሊይዙ ይገባል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

ሽምግልና ሀብታችን ነው ስንል ሽምግልና ሁሉን ይፈታል ማለታችን አይደለም። ሽማግሌን ሽማግሌ የሚያደርገው ሁለቱም ወገን ሲያምኑት ነው። በአስተዳደሩ ተመርጦ፣ አበል ተቆርጦለት፣ የተሰጠውን ሐሳብ የሚያስተላልፍ ሽማግሌ ከሁለት አንዱን ያጣል፤ ወይ ተሰሚነቱን፣ ወይ ሕይወቱን። ወረዳው ማድረግ ያለበት ሕዝቡ ራሱ የሚያከብራቸውን ሰዎች ማወቅ፣ ሲጠሩት መምጣት፣ ያስታረቁትን ማክበር ነው። በወሎ አበጋሮች ሲያስታርቁ የኖሩት ደብዳቤ ስለተጻፈላቸው አይደለም፤ ሕዝቡ ቃላቸውን ስለሚፈራና ስለሚያከብር ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የወንጀል ጉዳይ ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው ወገኖቹ ካሳ ከፍለው ደም ስላደረቁ ብቻ ከሕግ ተጠያቂነት ነፃ አይሆንም። እርቁ የሁለቱን ቤተሰብ በቀል ያቆማል፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ጥፋተኛውን ይጠይቃል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። በእርቅ ስም ገዳይ ከተማ ውስጥ በነፃነት ሲመላለስ ያየ የሟች ልጅ ነገ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። በክልላችን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይሰፍርበታል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ድንበሯ የሚገፋው፣ ድርሻዋ የሚጎድለው፣ አቤቱታዋም «ወንድ ወኪል አምጪ» እየተባለ የሚጓተተው የእሷ ነው። በየሽምግልናው ሸንጎ ሴቶች ካልተቀመጡ የዚህች ሴት ነገር ሳይነሳ ይቀራል። ሳይነሳ የቀረው ነገር ደግሞ ልጇ ሲያድግ በሌላ መልኩ ይነሳል።

አራተኛው የኮንፈረንስ ጉዳይ ነው። የሰላም ኮንፈረንስ ማድረግ መልካም ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ የአቋም መግለጫ ይነበባል፣ ምሳ ይበላል። ከዚያስ? በኮንፈረንሱ የተነሳው የአንድ ምንጭ የውሃ ጥያቄ፣ የአንድ የግጦሽ መሬት ክርክር ማን፣ በስንት ቀን፣ በምን እንደሚፈታው ካልተጻፈ ሰው የሚመለሰው የባሰ ተስፋ ቆርጦ ነው። የወረዳ የሰላም ሥራ ሪፖርት ስንት ሰው ተሰበሰበ ከሚለው ይልቅ ስንት የድንበር አቤቱታ ቀረበ፣ ስንቱ ከእርሻ በፊት ተቋጨ፣ ስንቱ ቀረ፣ ለምን ቀረ የሚለውን ቢይዝ ለሁሉም ይበጃል።

አርሶ አደሩስ?

የመንግሥት አካል ሁሉንም እንዲያደርግ መጠበቅም ትክክል አይደለም። ቂም እያበቀሉ ከመኖር ነገርን በጊዜው ለጎረቤት መናገር፣ ከዚያም ለሽማግሌ ማቅረብ የራስ ፈንታ ነው። ድንበር ከማረስ በፊት ከአዋሳኝ ጋር ቆሞ ወሰኑን ማየት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። የእኩልና የኪራይ ውልን በጽሑፍ ማድረግና ማስመዝገብ ጓደኛን አለማመን አይደለም፤ ጓደኝነትን መጠበቅ ነው። ማፋሰሻ ሲያወጡ የታችኛውን ጎረቤት ማማከር፣ ከብት ሰው ማሳ ሲገባ ኪሳራውን ሳይከራከሩ መክፈል፣ በሠርግ ላይ አለመተኮስ፣ ያላረጋገጡትን ወሬ አለማስተላለፍ፣ እነዚህ ሁሉ በጀት አይጠይቁም።

በደቦና በወንፈል አብሮ የሚያርስ፣ በእድርና በቅሬ አብሮ የሚቀብር ሕዝብ መቀራረቢያ ገመድ አላጣም። የጎደለው ገመዱ ሳይበጠስ ላልቶ ሲያይ ማጥበቁ ነው። ወጣቶችም ቢሆኑ መሬት የሌላቸው፣ በጥሪ ለመነሳት ቅርብ የሆኑት እነሱ ስለሆኑ ከተፋሰሱ ሣር፣ ከንብ እርባታውና ከመስኖው ድርሻ ሲያገኙ የሚጠብቁት ነገር ይኖራቸዋል። የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው እሳት ለመለኮስ ቶሎ አይነሳም።

ሰኔ ማንንም አይጠብቅም። ዝናቡ ድርድሩ እስኪያልቅ አይቆምም፣ ዘሩም ጠቡ እስኪበርድ ጎተራ ውስጥ አይቆይም። ትልልቆቹ ልዩነቶች በትልልቆቹ መድረኮች መልስ እስኪያገኙ ድረስ ወረዳና ቀበሌ፣ አርሶ አደርና አርብቶ አደር በእጃቸው ያለውን ይያዙ። የመጪው እርሻ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ቀበሌ ያላለቀ የድንበር፣ የውሃና የግጦሽ አቤቱታውን ቆጥሮ ዝርዝሩን ያውጣ፤ ለእያንዳንዱም ባለቤትና ቀን ይስጥ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ቅጠሉ እጃችን ላይ ነው።